ሸውራራዋ አስተማሪ

ባለፈው ቅዳሜ እናቴ የረሳችውን ጃንጥላ ላመጣላት በስደት ከተማችን የሐበሻ ገበያ በሆነው በጀፕ ሰፈር ወዳለው የጸሎት አዳራሻችን ወጣሁ። ደረጃው ያው ነው፤ ከሥር ያሉት ሱቆች የሚሸጡት የአዲስ ብርድ ልብስ ሽታ እስከ ሁለተኛው ፎቅ ይከተላል። በሩ አጠገብ፣ መስኮቱ ላይ፣ ከዚያ ዘመን የተረፈ የሳኒታይዘር ጠርሙስ አሁንም ቆሟል። ለምን እስካሁን እንዳልተጣለ አላውቅም። ለወጉ ያህል ጫን ሳደርገው ጠብታ ነገር መዳፌ ላይ ተፋ። አሸተትኩት። እዚያው ደረጃው አፍ ላይ እንደቆምኩ የአሥራ አንድ ዓመት ልጅ ሆንኩ።

ሰው ስለ ኮሮና ዘመን ሲያወራ ፊቱ ይጠቁራል፤ እኔ ዝም እላለሁ። ብዙ ሰው ብዙ ነገር ባጣበት ዓመት ደስ ብሎኝ ነበር ማለት ነውር መስሎ ስለሚታየኝ ነው። ግን ደስ ብሎኝ ነበር። ትምህርት ቤት ተዘግቷል፣ አባቴና እናቴ ቀኑን ሙሉ አጠገቤ ናቸው፣ አልጋዬ ጎን ደግሞ የቤተ ክርስቲያናችን ኪቦርድ ተቀምጧል። ምን ይከፋኛል?

ኪቦርዱ እኛ ቤት የመጣው አዳራሹ ሲዘጋ ነው። ሰው የሌለበት ሕንፃ ውስጥ የተተወ ዕቃ ጀፕ ውስጥ እግር እንደሚያወጣ ሁሉም ያውቃል። ኪቦርዱን የሚጫወተው ታሪኩ ደግሞ ለሠርጉ ወደ ሆሳዕና እንደሄደ አውሮፕላን ቆመና እዚያው ቀረ። የቤተ ክርስቲያናችን ሽማግሌ ጋሽ ዳና ጉዳዩን አውጥተው አውርደው፣ ከከተማው ዳር፣ አይቮሪ ፓርክ ሰፈር ያለው የአባቴ ሱቅ በብረት የታጠረ ስለሆነ እዚያ ይቀመጥ አሉ። የእናቴ ታናሽ ወንድም ማርቆስ ጀፕ ውስጥ የስልክ ሽፋንና ቻርጀር ይሸጣል፤ አሮጌ ላፕቶፕም ይጠጋግናል። እሱ ነው ኪቦርዱን በብርድ ልብስ ጠቅልሎ፣ ለሱቃችን ከሚመጡት የብስኩት ካርቶኖች ጋር ታክሲ ላይ ጭኖ ያመጣው። ጋሽ ዳናም አብረው መጡ። ዕቃ ብቻውን አይላክም አሉ።

የምንኖረው ከሱቁ ጀርባ ባለችው አንድ ክፍል ነበር። ሁለት አልጋ፣ አንድ ፍሪጅ፣ እስከ ጣሪያ የተደረደረ ዱቄትና ሳሙና። ኪቦርዱ በሁለት የለስላሳ ሳጥን ላይ ተጋደመ። ጋሽ ዳና ማስካቸውን ከአፍንጫቸው ዝቅ አድርገው ኪቦርዱን እንደ ታመመ ሰው ዳበሱት።

«ይህ ዕቃ እንግዳ ነው» አሉ። «አዳራሹ እስኪከፈት እዚህ ይቆይ። ስንመለስ ከመካከላችን የሚጫወት ከተገኘ፣ መልካም። ካልተገኘ ግን፣ ቶኮዛ ሰፈር ያሉት ወንድሞች ተጫዋች አላቸው፣ ኪቦርድ የላቸውም። እኛ ኪቦርድ አለን፣ ተጫዋች የለንም። ወደ ተጫዋቹ ይሄዳል።»

ማንም አልተቃወመም፤ የሚያስቅም የሚያስለቅስም ነገር አልነበረውም፤ ትክክል ነበር። እኔ ግን የዚያን ቀን የጨርቅ ሽፋኑን ገልጬ ነጭና ጥቁር ቁልፎቹን ካየሁ በኋላ፣ ወደ ቶኮዛ እንዲሄድ ከምፈቅድ ራሴ ተጠቅልዬ ብሄድ እመርጥ ነበር።

እኔ እንድማር ተስማሙና መጀመሪያ ታሪኩ በስልክ ያስተምራት ተባለ። ታሪኩ ሆሳዕና ሆኖ፣ ሙሽራዋን ጎኑ አስቀምጦ፣ «ይህን ነኪ» ይላል፤ እኔ ስነካ ድምፁ እሱ ጋ የሚደርሰው ሌላ ነገር መናገር ከጀመረ በኋላ ነው። «ጎበዝ!» የሚለኝም ስሳሳት ሆነ። ሙሽራዋ ትስቃለች፣ መስመሩ ይቆረጣል፣ የእናቴ ዳታ ያልቃል። አንድ ቀን ሞክረን ተውነው።

«ቀላል ነው» አለ ማርቆስ። «በኮምፒውተር የሚያስተምር ሶፍትዌር አለ። ሞልቷል። እኔ አመጣላችኋለሁ፣ ታያላችሁ፣ ትመርጣላችሁ። ሻርፕ?»

«ሻርፕ» አልኩ፣ እሺ ለማለት፣ ምን እንደምንመርጥ ሳላውቅ።

በሚቀጥለው የዕቃ ቀን አንድ ቁልፉ የወለቀ ላፕቶፕ ይዞ፣ ከጋሽ ዳና ጋር መጣ። ለመሞከሪያ የሚሰጡ ሦስት ፕሮግራሞች ጭኖበታል። ላፕቶፑን ፍሪጁ ላይ አስቀምጠን ዙሪያውን ቆምን። ቤተሰቤ ዕቃ መምረጥ ያውቃል። ጀፕ ውስጥ ብርድ ልብስ ሲገዙ አባዬ ጠርዙን ይጎትታል፣ እማዬ ታሸታለች፣ ማርቆስ ሻጩን ያስቀዋል። ሶፍትዌርም የመረጡት እንደዚያው ነው።

የመጀመሪያው ከስክሪኑ አናት ባለ ቀለም ዘንጎች የሚዘንቡበት ነው። ዘንጉ ከታች የተሳለው ቁልፍ ላይ ሲያርፍ ያንን ቁልፍ መንካት ነው፤ ላፕቶፑ በማይኩ ይሰማል፣ ካገኘሽ ኮከብ ይፈነዳል፣ ከሳትሽ ቀይ ይበራል። ማርቆስ ወደደው። «ጨዋታ ነው፣ ሳታውቀው ትማራለች» አለ።

ሁለተኛው ውስጥ አንዲት ፀጉሯ ነጣ ያለ ሴት አለች። በእንግሊዝኛ ታስረዳለች፣ ትጫወታለች፣ ከዚያ ዝም ብላ በላፕቶፑ ማይክ ታዳምጣለች። ልክ ከሆነ አረንጓዴ፣ ካልሆነ ቀይ። እማዬ እንግሊዝኛዋ የሱቅ እንግሊዝኛ ነው፤ የሴትዮዋን ቃል ሳይሆን ድምፅዋን አዳመጠች። «ጨዋ ናት። ልጅ አትቆጣም» አለች።

ሦስተኛው አምስት መስመርና ጥቁር ፍሬዎች ብቻ ነው። አይናገርም፣ አያዳምጥም፣ አይስቅም። አባዬ እጁን አጣምሮ ቆይቶ፣ «ዳታ ይበላል?» አለ።

«እሱ አይበላም» አለ ማርቆስ።

«እሱ ይሁን።»

በዚህ ተጨቃጨቁ። እናትና አባቴ ሲጨቃጨቁ በሀዲይኛ ነው፤ ሲታረቁ ወደ አማርኛ ይመለሳሉ። ጋሽ ዳና ወላይታ ስለሆኑ እሳቸው ፊት በአማርኛ መጨቃጨቅ ነበረባቸው፤ ለዚህ ይመስለኛል ቶሎ ያለቀው። ጋሽ ዳና ወደ ላፕቶፑ ጎንበስ አሉና፣ «የእኛን መዝሙር ያውቃል?» ብለው ጠየቁ።

«አያውቅም፣ ጋሼ» አለ ማርቆስ። «የፈረንጅ ነው።»

«ያው ገና ልጅ ነው» አሉ ጋሽ ዳና፣ «ይማራል።»

ስለዚህ ሦስቱንም በየተራ እንድሞክር ተወሰነ።

ዘንጎች በሚዘንቡበት ጀመርኩ። ሰማያዊ ዘንግ መጣ፣ ቁልፉን ነካሁ፤ ቀይ። ቢጫ መጣ፣ ነካሁ፤ ቀይ። እየተጠነቀቅኩ፣ በአንድ ጣት፣ ምላሴን ነክሼ ብነካም ቀይ። ወደ ሴትዮዋ ተዛወርኩ። ሴትዮዋ ፈገግ ብላ ታሳየኛለች፣ እሷ የነካችውን እነካለሁ፣ ስክሪኑ ይቀላል፣ እሷም በዚያው ፈገግታዋ እንደገና ሞክሪ ትለኛለች። አሥር ጊዜ ብሳሳት አሥር ጊዜ ያው ፈገግታ።

እንግዲህ እኔ በዚያን ጊዜ ሴትዮዋ የሆነ አገር ቢሮ ውስጥ ተቀምጣ በላፕቶፑ ካሜራ የምታየኝ ይመስለኝ ነበር። ስለዚህ ለትምህርት ስቀመጥ ፀጉሬን አበጥራለሁ፣ ንጹሕ ሹራብ እለብሳለሁ፣ ከኋላዬ ያለው የዱቄት ክምር እንዳይታይ አንሶላ እሰቅላለሁ። ይህን ሁሉ አድርጌ ቀይ ስትሰጠኝ፣ ጠልታኛለች አልኩ። አንሶላው ቆሻሻ ይሆናል ብዬ አጠብኩት። አሁንም ቀይ።

«ዕቃው ብልሽት አለበት» አለ አባዬ። ሱቅ ላለው ሰው መፍትሔው አንድ ነው፤ መልስና ሌላ ውሰድ። ማርቆስ የመጀመሪያውን አጥፍቶ የእሱን ዓይነት ሌላ ጫነ። እሱም ቀይ። ሌላ ጫነ፤ ቀይ። ማይኩ ይሆናል ብሎ ማይክ ያለው የጆሮ ማዳመጫ አመጣ፤ ቀዩ ይበልጥ ጠራ። «ኤይሽ፣ ሁሉም ደንቆሮ ናቸው» አለና ተስፋ ቆርጦ ወደ ጀፕ ተመለሰ። የአባዬ ምርጫ፣ ዝምተኛው ብቻ ቀረ። እሱ አይሳደብም፣ ግን ልክ ልሁን ስሕተት ልሁን ግድ የለውም። ከእሱ ጋር ሦስት ቀን ተቀምጬ የሰፈሩን ውሾች ድምፅ ለየሁ።

ሳይጠፋ የቀረውን የሴትዮዋን ፕሮግራም ሰው ሳያየኝ እንደገና ከፈትኩት። ናፍቃኝ ነበር ማለት ይቻላል። ስክሪኑ ግርጌ ላይ ትንሽ የተሳለ ኪቦርድ አለ፤ የሰማችው ቁልፍ እዚያ ላይ ይበራል። እስከዚያ ቀን ፊቷን እንጂ እሱን አላየሁም ነበር። አንድ ነጭ ቁልፍ ስነካ የበራው እሱ አይደለም፤ ጥቁሮቹን ጨምሮ ሲቆጠር ሦስተኛው፣ ወደ ቀኝ። ሌላ ነካሁ። ሦስተኛው፣ ወደ ቀኝ። ከዳር እስከ ዳር ሞከርኩ። ሁልጊዜ።

ያኔ ገባኝ። ሴትዮዋ አልጠላችኝም። ሸውራራ ናት።

እንዴት ደስ እንዳለኝ። ሰፈራችን ዳቦ ሊገዙ ከሚመጡት ጎጎዎች፣ ከአሮጊቶቹ አንዷ እንዲሁ ነበሩ፤ «ሳቦና» ብለው ሰላም ሲሉ እኔን ይሁን ፍሪጁን አይታወቅም፣ ግን ከሁሉም ደግ እሳቸው ናቸው። ስለዚህ ለሴትዮዋ አዘንኩላት። እሷ አንድ ቁልፍ ስትጠይቀኝ ሦስት ወደ ግራ እሄድና እነካለሁ። አረንጓዴ። ቀጣዩን፣ ሦስት ወደ ግራ። አረንጓዴ። መጀመሪያ በጣቴ እየቆጠርኩ ነው፤ ሳምንት ሳይሞላ እጄ ራሱ ለመደው። ኮከብ በኮከብ ሆንኩ። ሴትዮዋም ለመጀመሪያ ጊዜ አጨበጨበችልኝ።

«አላልኳችሁም? ጨዋ ናት» አለች እማዬ። ሴትዮዋ ተመረጠች። ስለ ዓይኗ ለማንም አልተናገርኩም። የሰው ጉድለት አይወራም።

ከዚያ በኋላ የማስታውሰው በጋሽ ዳና የተሞላ ነው። እገዳው ላላ ሲል በየሳምንቱ መምጣት ጀመሩ። ጊቢው ውስጥ የተገለበጠ ሳጥን ላይ ይቀመጣሉ፣ እጃቸውን በሳኒታይዘር እስከ ክርናቸው ያሻሉ፣ ከዚያ፣ «እንግዳው ደህና ነው?» ይላሉ። እኔ ኪቦርዱን ለቶኮዛ ለማስረከብ ሊመረምሩት የሚመጡ ይመስለኝ ነበር። ስለዚህ ከመምጣታቸው በፊት ቁልፎቹን በእርጥብ ጨርቅ እወለውላለሁ፤ ቁም ነገረኛ መስዬ እቀመጣለሁ። በሩ ይከፈታል፣ እሳቸው ከውጪ፣ እኔ ከውስጥ።

ኪቦርዱን ግን አንድም ቀን አልመረመሩም። ትንሽ ተቀምጠው ይዘምራሉ። ብቻቸውን ይኖሩ ነበር፤ ባለቤታቸው አገር ቤት፣ ልጆቻቸው በየአገሩ። የሚከራዩት ክፍል ግድግዳው ስስ ስለሆነ ጎረቤት እንዳይረብሹ አይዘምሩም። አዳራሹ ከተዘጋ ወዲህ የሚዘምሩት እኛ ጊቢ ብቻ ነበር። ይህን ያወቅኩት ቆይቶ ነው። ያኔ ግን ሽማግሌው ዓይናቸውን ጨፍነው፣ ማስካቸው ወደ ውስጥ ወደ ውጪ እየተነፋ፣ እኔን የሚፈትኑኝ ይመስለኝ ነበር።

«በይ ተከተይኝ» ይሉኛል።

መከተል አልችልም። ሴትዮዋ የምታስተምረኝ ስለ በግ ጠቦትና ስለ ደወል የሚዘፈን የልጆች ዜማ ነው። ያም ሆኖ ቁልፉን እሷ አሳይታኝ ነው። ጋሽ ዳና የሚጀምሩበት ቦታ ስክሪን ላይ አይበራም።

«ጋሼ፣ ከየት ነው የሚጀምሩት?» አልኳቸው አንድ ቀን ተናድጄ።

«እኔ እንጃ። ዛሬ ከነቃሁበት ቦታ ነዋ።»

«ባለፈው ሳምንት ሌላ ቦታ ነበረ።»

«አዳራሽ ስንሆን ታሪኩ ቀድሞ ድምፅ ይሰጠኛል፣ እሱን ይዤ እነሳለሁ። እዚህ ማን ይሰጠኛል?»

ያኔ ምስጢሬን አወጣሁ። አስተማሪዬ ሸውራራ እንደሆነች፣ እኔም ሦስት ወደ ግራ እየሄድኩላት እንደምንግባባ ነገርኳቸው። ሳቁ እስኪያስላቸው ሳቁ።

«ጎበዝ» አሉ። «ሸውራራ ሰው ሲያነጋግርሽ እሱ የሚያይበት ሄደሽ ትቆሚያለሽ። አንገቱን አትጠመዝዢም።»

በነዚያ ወራት የሚያናድደኝ ሎድ ሸዲንጉ፣ መብራት በፈረቃ ማጥፋቱ፣ ነበር። መብራት ሲጠፋ ላፕቶፑ በራሱ ባትሪ ይቆያል፤ ኪቦርዱ ግን ጭጭ። ከጀርባው ስድስት ትልልቅ ባትሪ የሚገባበት ክዳን አለው። ሱቃችን ውስጥ፣ ከሻማው ጎን፣ ያው ባትሪ ተደርድሯል።

«አባዬ፣ ስድስት ብቻ።»

«ባትሪ ለሽያጭ ነው።»

አባዬ ከዚህ በላይ አይናገርም። መብራት የሚጠፋበትን ሰዓት በቃሉ ያውቃል፤ ሻማና ባትሪ የሚሸጠው በዚያ ሰዓት ነዋ። እኔ ስለማመድ ሱቁ መስኮት ላይ ጀርባውን ሰጥቶ ይቆማል። ዞር ብሎም አያይ። ጫጫታው ሰልችቶት ነው ብዬ ድምፁን እቀንሳለሁ። ያኔ ደግሞ ዳቦ ቆርጦ መስጠቱን ትቶ ይቆማል። አይገባኝም ነበር።

አንድ ቅዳሜ ማርቆስ ዕቃ ሊያወርድ መጥቶ ከኋላዬ ቆሞ አየኝ። ሴትዮዋ አንድ ቁልፍ ትጠይቃለች፣ እኔ ሌላ እነካለሁ፣ አረንጓዴ ይበራል።

«ቆይ ቆይ ቆይ» አለ። «ምን እየነካሽ ነው?»

«ሸውራራ ናት» አልኩት ቀስ ብዬ፣ እንዳትሰማ።

ማርቆስ ወደ ኪቦርዱ ትንሽ ስክሪን ጎንበስ አለ። ጥግ ላይ የሦስት ቁጥር ተጽፋለች። አንድ ቁልፍ ተጫነ፣ ሌላ ተጫነ፣ ከዚያ ግንባሩን በመዳፉ መታ። ታሪኩ እንደ ብዙ የእኛ ተጫዋቾች ጣቱን ባንድ ቦታ ብቻ ነበር ያለማመደው። ሌላ ቦታ የሚዘመር ከሆነ እሱ አይንቀሳቀስም፤ የቁልፎቹን ሁሉ ድምፅ ባንዴ ከፍ ዝቅ የሚያደርገውን፣ ትራንስፖዝ የሚባለውን ተጭኖ ኪቦርዱን ያንቀሳቅሰዋል። ለጋሽ ዳና ድምፅ ሦስት ከፍ አድርጎ፣ በተከፈተ ቁጥር እንዲሁ እንዲነሳ ቆልፎት ሄዷል። ሴትዮዋ ዓይኗ ደህና ነበር። ደንቆሮ ብለን የመለስናቸው ሁሉ ጆሯቸው ደህና ነበር። ኪቦርዱ ነው ከፍ ብሎ የቆመው።

ማርቆስ እየሳቀ ዜሮ ላይ መለሰው። «አሁን ተጫወቺ።»

ተጫወትኩ። ቀይ፣ ቀይ፣ ቀይ።

አለቀስኩ። ዝም ብዬ ሳይሆን፣ ሱቅ ውስጥ ያለ ሰው እስኪዞር ነው ያለቀስኩት። እማዬ ሮጣ መጣች። «መልስላት! ልጄ የተማረችው በጠማማው ነው፣ ምን አቃናው አለህ?» ብላ ወንድሟን ተቆጣች። ማርቆስ መለሰው። አረንጓዴ። አሁን ግን ነገሩን ስላወቅኩ ደስታው የለም። ደግሞ ዜሮ አደረግኩት፤ ያው ዘፈን፣ ሦስት ወደ ግራ ሳልሄድ፣ እንደ አዲስ። በሁለት ቀን ገባኝ። ከዚያ ሁለት ላይ አደረግኩት። አምስት ላይ። ለተንኮል ነው፤ የትም ብትቆሚ አገኝሻለሁ ለማለት። አንድ ከሰዓት በኋላ ላፕቶፑ ጠፍቶ ሳለ፣ ጋሽ ዳና ሁልጊዜ የሚዘምሩትን መዝሙር ከአንድ ቁልፍ ላይ ጀምሬ በጆሮዬ ፈለግኩት። አምስት ድምፅ ብቻ ናት፣ እየዞረች የምትመለስ። አገኘኋት። ከጎኑ ካለው ቁልፍ ጀመርኩ፤ እዚያም አለች። መዝሙሩ ቦታ የለውም። የትም ቦታ አለ። ያን ቀን የተሰማኝን ደስታ ዛሬም እመሰክራለሁ።

ለጋሽ ዳና ላሳያቸው ሳምንቱን ጠበቅኩ። አልመጡም። በሚቀጥለውም አልመጡም። እማዬ ስልክ ስታወራ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። ጋሽ ዳና ታመሙ፤ በሽታው ያው የዓመቱ በሽታ ነው፤ ሆስፒታል ናቸው። ቤታችን ማታ ማታ በስልክ በሚደረግ ጸሎት ተሞላ። እኔ ውጪ ያለውን ሳጥን ማንም እንዳያነሳው ከለከልኩ። ባዶ የለስላሳ ጠርሙስ የሚመልሱ ደንበኞች ሳጥኑን ሲፈልጉ፣ «ሰው አለበት» እላለሁ።

ዳኑ። ቀጥነው፣ ቀስ ብለው እየሄዱ፣ ግን ዳኑ። ወዲያውም አዳራሹ በጥቂት ሰው እንዲከፈት ተፈቀደ ተባለ። እኛ ጊቢ ለመምጣት አቅም ስላልነበራቸው የምንገናኘው በመጀመሪያው እሁድ አዳራሽ ውስጥ ሆነ። ኪቦርዱም ያን ቀን ይወሰናል። ከቶኮዛ አንድ ወንድም ታክሲ ይዞ ይመጣል።

እሁድ ጠዋት እማዬ የኪቦርዱን የመብራት ገመድ ጠቅልላ በላስቲክ አሰረች። አባዬ ኪቦርዱን ራሱ ሽፋኑ ውስጥ ከተተው፤ ለብቻው፣ ሱቁ ውስጥ፣ ቆይቶ። አዳራሹ ወለል ላይ ሰው የሚቀመጥበት በፕላስተር ምልክት ተደርጓል። ሳኒታይዘሩ መስኮቱ ላይ ቆሟል። ከቶኮዛ የመጣው ወንድም ኋላ ወንበር ላይ፣ ኪቦርድ የሚጠቀልልበትን ብርድ ልብስ ጭኑ ላይ አድርጎ ተቀምጧል። ክፉ ሰው ቢሆን እጠላው ነበር፤ ግን አይቶኝ ፈገግ አለ። አባዬ ኪቦርዱን ከመድረኩ ጎን ተከለው። «ጥቂት ሰው ነን፣ የራሱ ድምፅ ይበቃል» ብሎ ከትልቁ ስፒከር ጋር አላገናኘውም።

ጋሽ ዳና ማይኩን ያዙ። ታሪኩ ያደርግ እንደነበረው ቀድሜ ድምፅ ሰጠኋቸው፣ በድሮው ከፍታቸው፣ ኪቦርዱን ዜሮ ላይ አድርጌ፣ ጣቴን ሦስት ወደ ቀኝ አሻግሬ። ከፍ አድርገው ተነሱ። ድምፃቸው ግማሽ መንገድ ላይ ተሰበረ። ሳሉ። እንደገና ሞከሩ። አልደረሰም። እኔም እጄን ቁልፉ ላይ እንዳደረግኩ ደረቅሁ። ቀይ የሚያበራ የለ፣ አረንጓዴ የሚያበራ የለ።

ከዚያ ጋሽ ዳና ዓይናቸውን ጨፈኑና ከእኔ ሳይጠብቁ ጀመሩ። ዝቅ ብለው፣ በጣም ዝቅ ብለው። ከዚያ በፊት ነቅተው የማያውቁበት ቦታ። አንገታቸውን አትጠመዝዢም አልኩ ለራሴ። ወደ ግራ ሄድኩ። አንዱን ነካሁ፤ አይደለም። ወደ ጎኑ፤ አይደለም። አንድ ደግሞ ወደ ታች። እዚያ ናቸው። እጄን አሳረፍኩና አብሬያቸው ወጣሁ፣ አብሬያቸው ዞርኩ። ድሮ ታሪኩ ሲስት ዞር ብለው ያዩት ነበር። አልዞሩም።

ሁለተኛው አዝማች ላይ መብራት ጠፋ። አምፖሉ ጠፋ፣ ማይኩ ሞተ፣ ትልቁ ስፒከር ተንፍሶ ዝም አለ። የጋሽ ዳና ቀጭን ድምፅ ብቻውን ቀረ። ብቻውን ግን አልነበረም፤ ኪቦርዱ አላቆመም። ከጣቴ ሥር ይጮኻል። እኔ ተአምር ነው አልኩ፤ እንባዬ እየመጣ፣ እንዳላቆም እየፈራሁ ተጫወትኩ። ሰው በማስኩ ውስጥ አብሮን ዘመረ። ስንጨርስ ከቶኮዛ የመጣው ወንድም ተነስቶ ብርድ ልብሱን አጣጠፈና ኪቦርዱ ላይ አኖረው።

«ለእሱ ይሁን፣ አቧራ እንዳይነካው» አለ። «እኛ ሌላ እንፈልጋለን።»

ጋሽ ዳና ወንበር ላይ ተቀምጠው ትንፋሻቸውን እየሰበሰቡ በእጃቸው ጠሩኝ። «ያቺን ሸውራራ አስተማሪሽን» አሉ፣ «ጋሽ ዳና ሰላም ብሎሻል በያት።»

ኪቦርዱ እየተለማመድኩበት እኛ ዘንድ እንዲቆይ ተባለ፤ ቤት ገብተን ወደ ቦታው ለመመለስ ሽፋኑን ስፈታ፣ ገመዱ እማዬ ጠዋት እንዳሰረችው በላስቲክ ታስሮ ኪሱ ውስጥ ነበር። ማንም አልሰካውም ነበር። ኪቦርዱን ገልብጬ የጀርባውን ክዳን ከፈትኩት። ስድስት ባትሪ፣ አዲስ፣ የሱቃችን የዋጋ ወረቀት እንደተለጠፈባቸው።

አባዬ መስኮቱ ላይ ጀርባውን ሰጥቶኝ ለአንዲት ጎጎ ዳቦ ይቆርጣል።

«አባዬ፣ ባትሪው…» አልኩ።

«ተሸጧል» አለ፣ ሳይዞር።